«ይሸፍናል፤ አይጻፍም እንጂ»፦ ለጉዞ መድን ሻጮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ይድረስ፦ በአዲስ አበባ ለምትገኙ የመድን ኩባንያዎች የጉዞ መድን ክፍሎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በር የሚያስከፍተው ወረቀትና ሲታመሙ የሚከፍለው ውል አንድ እንዲሆኑ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ከዋናው ፖስታ ቤት ወደ ለገሃር ቁልቁል ሲወርዱ ካሉት ቲኬት ቢሮዎች በአንዱ ነው የምሠራው። ሥራዬ ቲኬት መቁረጥ ይባል እንጂ የቀኔ ግማሽ የሚያልቀው በወረቀት ነው፤ የቪዛ ፎርም እሞላለሁ፣ ሆቴል አስይዛለሁ፣ ፓስፖርት ስካን አደርጋለሁ፣ ቢጫ ካርዱን የረሳውን ሰው ቤቱ አስደውላለሁ። ከእነዚህ ወረቀቶች አንዱ የእናንተ ነው። በእኛ ቢሮ ቋንቋ «ኢንሹራንሷን ጨምሪለት» ይባላል፤ ልክ ሻይ ላይ ስኳር እንደመጨመር።

ደብዳቤውን ያጻፈኝ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ኅዳር 2018 ላይ ጂንካ ውስጥ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ በተነገረ ሰሞን ደንበኞቻችን ስልክ አላስቀምጥ አሉን። «ያስገቡናል ወይ? እንደ ኮቪዱ ጊዜ ኢንሹራንስ ይጠይቁናል ወይ?» እኔም ለእናንተ ደወልኩ። ሦስት ቅርንጫፍ ደውዬ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፦ «ደንበኛዬ ሰው አገር በወረርሽኝ ምክንያት ለይቶ ማቆያ ቢያስገቡት ውላችሁ ይከፍላል?» አንደኛዋ «የሕክምና ነገር በሙሉ ይሸፈናል» አለችኝ። ሁለተኛው «ኤምባሲው ይቀበለዋል፣ አታስቢ» አለኝ። ሦስተኛው ለአለቃው እንደሚያስተላልፈው ነገረኝ፤ እስካሁን እያስተላለፈ ነው።

ከሦስቱ ያስደነገጠኝ የሁለተኛው መልስ ነው። እኔ የጠየቅሁት ይከፍላል ወይ ብዬ ነው፤ እሱ የነገረኝ ይቀበሉታል ብሎ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል አንዲት ልጅ ባንኮክ ላይ ወድቃ አይቻለሁ፤ በከፊልም የጣልኳት እኔ ነኝ።

ግንቦት 2013 ነበር። አንድ አባት ከሴት ልጃቸው ጋር ቢሯችን መጡ። ስማቸው ይቅርና ጋሼ ልበላቸው። ባንኮክ ለሕክምና ሊሄዱ ነው፤ ልጃቸው አስታማሚ ሆና ትከተላቸዋለች። ታይላንድ በዚያን ጊዜ ሰው እንደ ልቡ የሚገባባት አገር አልነበረችም። ለሕክምና የሚሄድ ግን ከአስታማሚው ጋር ይገባል፤ የለይቶ ማቆያውን 14 ቀን እዚያው በሚታከምበት ሆስፒታል ይጨርሳል። የመግቢያ ፈቃዱ የሚጠየቀው በኢንተርኔት ነው፤ ከሚያያዙት ሰነዶች አንዱ ኢንሹራንስ ነው። መስፈርቱ አጭር ነበር፦ ኮቪድ-19ን የሚሸፍን፣ ከ100,000 የአሜሪካ ዶላር የማያንስ፣ የቆይታውን ጊዜ በሙሉ የሚይዝ። በወቅቱ ምንዛሪ ከ4 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑ ነው።

ተላላኪያችን እንደ ልማዱ ሄዶ እንደ ልማዱ «የሼንገኑን» ይዞ መጣ። ባለ 30,000 ዩሮውን ማለቴ ነው። የአውሮፓ የቪዛ ሕግ የሚጠይቀው ዝቅተኛው መጠን እሱ ስለሆነ፣ እኛ ሰፈር ኢንሹራንስ ሲባል መጀመሪያ እጅ የሚገባው እሱ ነው። ማህተሙ ደማቅ ነው፣ ፊርማው አለ፣ ቲተሩ አለ። እኔም ማህተሙን አይቼ አያያዝኩት። በሁለተኛው ቀን ተመለሰ፤ ገንዘቡ አይበቃም፣ በሽታውም በስሙ አልተጠቀሰም።

በማግስቱ ራሴ ሄድኩ። ቅርንጫፉ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ነው፤ የትኛው ኩባንያ እንደሆነ አልናገርም፤ ልናገርም ብል የሚጠቅም አይደለም፣ ሌላው ጋ ብሄድም ያው ሊገጥመኝ ይችል ነበር። በር ላይ እጄን ታጠብኩ፣ ሙቀቴ ተለካ። ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠው ልጅ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ በትሕትና ተቀበለኝ። የ100,000 ዶላሩ አለ ወይ ስለው አለ ብሎ አተመልኝ። ቆሜ አነበብኩት። ገንዘቡ ልክ ነው።

«ኮቪድ የሚለው የታለ?»

«ይሸፍናል።»

«የቱ ጋ ነው የሚለው?»

«ይሸፍናል፤ አይጻፍም እንጂ። ሲስተሙ ላይ ቦታ የለውም።»

«እሺ በደብዳቤ ጻፍልኛ።»

«ደብዳቤ የሚጽፈው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው።»

«ዋናው መሥሪያ ቤት ልሂድ?»

«እነሱም አይጽፉልሽም እህቴ። ግን ይሸፍናል።»

ይህን ልጅ አልወቅሰውም። ሲናገር ዓይኑን አላሸሸም፤ የሚለውን ያምናል። የሚሸጠውን ውል አንብቦት እንደማያውቅ ግን ያን ዕለት ገባኝ። እኔም አንብቤው እንደማላውቅ የገባኝ ትንሽ ቆይቶ ነው።

በሌላ ቀን፣ በሌላ ኩባንያ፣ አንዲት ኀላፊ ነገሩ ቶሎ ገባትና «ኮቪድ-19ን ጨምሮ» የምትል አንዲት መስመር አስገብታ ፈረመችልኝ። ፈቃዱ መጣ። ጋሼ መርቀውኝ ሄዱ። እኔም ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ፋይሉን ዘጋሁ።

ሆስፒታል ገብተው ቀናቸውን ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ልጅቱ ስትመረመር ኮቪድ ተገኘባት። ሳል የላት፣ ትኩሳት የላት፣ ማሽተት እንኳ አልጠፋባት። በታይላንድ የዚያን ጊዜ ደንብ ግን ምልክት ያሳየም ያላሳየም፣ ምርመራው ፖዘቲቭ ያለው ሰው ሁሉ ሆስፒታል ወይም እንደ ሆስፒታል የተዘጋጀ ሆቴል ይገባል፤ ምርጫ የለውም። ከአባቷ ለይተው ሌላ ክፍል አስገቧትና ኢንሹራንሷን ጠየቋት። በሰርተፊኬቱ ጀርባ ያለው ስልክ ተደወለ። የመጣው መልስ፣ ልጅቱ ሕክምና የሚያስፈልጋት ሁኔታ ላይ አይደለችም የሚል ነው። ለመለየት ተብሎ መተኛት ሕክምና አይደለም፤ ሕክምና ካልሆነ ደግሞ አይከፈልም።

እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ እዚያ ነግቷል። ስልኬ ጮኸ። «ይሸፍናል አላልሽኝም?» አለችኝ። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ጠየቀችኝ፤ እኔም መልስ አጣሁ።

ሲነጋ ውሉን እንዲልኩልኝ ጠየቅሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ አይቼ የማውቀው ሰርተፊኬቱን ብቻ ነው፤ አንድ ገጽ፣ ስም፣ ፓስፖርት ቁጥር፣ ቀን፣ የገንዘብ መጠን፣ ማህተም። ከግርጌው ደግሞ በደቃቅ ፊደል «በውሉ ሁኔታዎች መሠረት» የሚል አለ። ውሉ በኢሜይል መጣ። በእንግሊዝኛ ነው፤ የማይሸፈኑ ሁኔታዎች ዝርዝር ብቻውን ሁለት ገጽ ይሞላል። እዚያ ውስጥ የሚከፈለው ለሕክምና አስፈላጊ ለሆነ ወጪ ብቻ መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። ለይቶ ማቆያ በስሙ ተጠርቶ ወጥቷል። ያቺ ኀላፊ ያስጨመረችልኝ መስመር ውሸት አልነበረችም፤ ልጅቱ በኮቪድ ታማ ቢሆን ኖሮ ይከፈላት ነበር። ጥፋቷ አለመታመሟ ሆነ።

ይህ የደረሰው በእሷ ብቻ አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ታይላንድ ገብተው ያለ ምልክት ፖዘቲቭ የሆኑ የብዙ አገር ሰዎች ከየአገራቸው መድን ሰጪ ያገኙት መልስ ይኸው ነበር። አገሩ በራሱ ደንብ ልክ ነው፤ መድን ሰጪውም በራሱ ውል ልክ ነው። ሒሳቡ ግን መሐል ላይ ለቆመው ሰው ይመጣል። ጋሼና ልጃቸው የከፈሉት ለሕክምናው ከያዙት ገንዘብ ላይ ነው። ሕክምናው ዘገየ፣ ከቤተሰብ ተጨማሪ ገንዘብ እስኪላክ ተጠበቀ። የመመለሻ ቲኬታቸውን ሁለት ጊዜ የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ለዚያ የአገልግሎት ክፍያ አልጠየቅኋቸውም፤ ይህን የምናገረው በደግነት እንዳይቆጠርብኝ እየፈራሁ ነው።

የኔን ጥፋት አልደብቅም። ከእያንዳንዷ ከምንሸጣት ኢንሹራንስ ለቢሯችን ትንሽ ኮሚሽን ትደርሳለች። ስንመርጥ የምናየው ሦስት ነገር ነበር፦ ዋጋው፣ ፍጥነቱና ማህተሙ ጥርት ብሎ መውጣቱ። የማይሸፈነው ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ደንበኛ በሥራ ዘመኔ አላስታውስም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ስለ እናንተም ፍትሐዊ ልሁን። ወረርሽኝ መድንን የሚያስፈራው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። መድን ማለት በሥርዓቱ እንደ እድር ነው፤ ሁሉም በየወሩ ያዋጣል፣ ሐዘን የሚገባው ግን በአንድ ቤት ነው። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም የሚበቃው ለዚያ ነው። በአንድ ቀን በሁሉም ቤት ሐዘን ቢገባ የትኛው እድር ይችለዋል? ስለዚህ ከኮቪድ በፊት ብዙ የጉዞ ውሎች ወረርሽኝን ጨርሶ አያስገቡም ነበር። ከእናንተ ኋላ ያለው ጠለፋ መድን ሰጪ፣ ማለትም ለእናንተ ለራሳችሁ መድን የሚገባላችሁ ኩባንያ፣ አልቀበልም ካለ ደግሞ እናንተም መሸፈን አትችሉም። ይህን ሁሉ እረዳለሁ። የማልረዳው፣ የማትሸፍኑትን ነገር «አንሸፍንም» ብሎ መናገር ምን እንደሚያስወጣችሁ ነው።

ቢሯችን ግድግዳ ላይ እስካሁን ያልነቀልኳት ወረቀት አለች። በእስክሪብቶ «ታይላንድ 100,000» ተብሎ ተጽፏል። እሱ ተሰርዟል፣ 50,000፤ ያ ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ነው፣ መመዝገቢያውም ተቀየረ። በየካቲት 20,000 ሆነ፤ ይህኛው በቀይ ነው የተጻፈው፣ ሰማያዊው አልቆ ነበር። በሚያዝያ መጨረሻ 10,000። ሰኔ 24 ቀን 2014 ኢንሹራንሱም ምዝገባውም ቀረና በቁጥሮቹ ሁሉ ላይ ትልቅ መስቀል ተሰመረባቸው። ስምንት ወር ውስጥ ነው ይህ ሁሉ። ሲንጋፖር በራሷ ዶላር 30,000 ስትል፣ ፊሊፒንስ 35,000 የአሜሪካ ዶላር ስትል ደግሞ ወረቀቷ ቦታ አልበቃትም፤ ሌላ ለጠፍን። ለዑምራ የሚሄዱ ደንበኞቻችን ናቸው ከዚህ ሁሉ የተገላገሉት፤ ኢንሹራንሱ ከቪዛው ጋር አብሮ ይመጣላቸዋል።

ይህን ለውጥ ሁሉ የምንሰማው ከእናንተ አልነበረም። ሰነዱ ተመልሶበት እያለቀሰ ከሚመጣ ደንበኛ ነበር። አንድ ኩባንያ እንኳ «ከነገ ጀምሮ ለዚህ አገር ይህ መጠን ነው» ብላችሁ በቴሌግራም አንዲት መልእክት ብትልኩልን ምን ነበረበት? የመኪና መድን ሊያልቅ ሲል እኮ ታስታውሳላችሁ።

ኮቪድ ያኔ ቀረ፣ ምን ያስጨንቅሻል የሚለኝ ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት ወረርሽኝ ነው ያለው መጋቢት 2 ቀን 2012 ነው፤ በሁለተኛው ቀን መጋቢት 4 እኛው ከተማ ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ። አስቸኳይ ሁኔታው አብቅቷል የተባለው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው፣ ልክ በአርበኞች ቀን። ግን በስንቶቹ ውሎቻችሁ ውስጥ ሽፋኑ የሚጸናው ወይም የሚቀረው ድርጅቱ በሚያውጀው ቃል ነው? ከመስከረም 2018 ጀምሮ የጸናው የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ደግሞ የወረርሽኝ አስቸኳይ ሁኔታ የሚባል አዲስ ደረጃ አምጥቷል። ውላችሁ አሮጌውን ቃል ነው የያዘው ወይስ አዲሱን? ይህን ጥያቄ ከአደጋው በፊት መመለስ ያለበት የሕግ ክፍላችሁ ነው። እኔ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ልመልሰው አልችልም።

የቀንም ነገር አለ። በሁለት የቀን መቁጠሪያ የምንኖር ሰዎች መሆናችንን ሲስተማችሁ አያውቅም። የልደት ዓመቱ በኛ አቆጣጠር ገብቶ በድንገት ሰባት ዓመት ያረጀ መንገደኛ አይቻለሁ፤ ዓረቦኑም፣ ማለትም የመድኑ ክፍያ፣ እንደ ዕድሜው ጨመረበት። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚነሳ በረራ ለሰዉ የትናንት ማታ ነው፤ ለሰነዱ ግን አዲስ ቀን ነው። አንድ ቀን የጎደለው ሰርተፊኬት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይቆጠራል። ወደ አውሮፓ የሚሄዱትማ ከሚያዝያ 2016 ወዲህ የባሰ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን የቪዛ መልስ የሚሰጥበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ስላረዘመው፣ ኢንሹራንሱ የተገዛበት ቀን ቪዛው ሳይመጣ ያልፋል። ቀን ለማስቀየር ስንመጣ አንዱ ጋ በነጻ ነው፣ ሌላው ጋ እንደ አዲስ ይከፈላል፣ አንዱ ጋ ደግሞ የሚያውቀው ሰው ፈቃድ ላይ ነው።

ለምን ሌላ ቦታ አትገዙም እንዳትሉን። የታይላንድ መድን ሰጪዎች ራሳቸው ለዚያው መስፈርት የተዘጋጀ ውል በኢንተርኔት ይሸጡ ነበር፤ ከአገሩ ደንብ ጋር ተናቦ የተጻፈ። የሚከፈለው ግን በዓለም አቀፍ ካርድ ነበር። እዚህ ያለ ሰው በዚያን ጊዜ ያን ካርድ ከየት ያመጣል? ውጭ ዘመድ ያለው ዘመዱን አስቸገረ፤ የሌለው እናንተ ጋ መጣ። ደንበኞቻችሁ የሆንነው መርጠን እንዳልሆነ እወቁልን፤ የተያዘ ገበያ ነን። ስለዚህ ነው ከእናንተ የበለጠ የምንጠብቀው።

ስለ ገንዘብ መመለሱም አንድ ልበል። ሆስፒታሉ በቀጥታ ካልተከፈለው መንገደኛው ከኪሱ በዶላር ከፍሎ፣ ደረሰኝ ሰብስቦ፣ እዚህ መጥቶ በብር ይጠይቃል። በየትኛው ቀን ምንዛሪ? በታከመበት፣ በጠየቀበት ወይስ በተከፈለው? ድሮ ይህ የሳንቲም ጉዳይ ይመስል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ግን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ወረቀቱ እናንተ ጠረጴዛ ላይ ባደረበት ሁለት ወር የሰውዬው ገንዘብ ግማሽ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሰርተፊኬቱ ላይ ስለዚህ የተጻፈ አንድ ቃል አላየሁም።

አሁን ወደምጠይቃችሁ ልምጣ። ከሁሉ አስቀድማችሁ የማይሸፈኑ ሁኔታዎችን ገጽ በአማርኛ አድርጉልንና ከክፍያው በፊት ስጡን። ሌላውን ሁሉ ብትተዉ እንኳ ይህን አትተዉ። ሁለቱንም ገጽ መተርጎም ካቃታችሁ ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ ወረርሽኝ ይገባል ወይም አይገባም፤ ምልክት ሳይኖረው በምርመራ ብቻ የተያዘ ሰው የሆስፒታል ወጪው ይከፈላል ወይም አይከፈልም፤ ለይቶ ማቆያ በቀን እስከዚህ ድረስ ይከፈላል ወይም ጨርሶ የለም። «አይከፈልም» ብላችሁ ብትጽፉ አልቀየምም። ጋሼ ያን ቃል ቀድመው ቢያዩት ኖሮ ልጃቸውን ላይወስዱ ይችሉ ነበር፤ ወይም ተጨማሪ ገንዘብ ይዘው ይሄዱ ነበር። የመምረጥ ዕድል ይኖራቸው ነበር።

ሰርተፊኬቱ ላይ በሽታው በስሙ ይጻፍ። ሲስተማችሁ ቦታ ከሌለው ሲስተሙን የሠራላችሁን ሰው ጥሩትና ቦታ ይክፈትለት፤ ይህ ከባድ ነገር መሆኑን ማንም አያሳምነኝም። በጀርባው ያለውን የእርዳታ ስልክ ደግሞ እባካችሁ አንድ ሌሊት ራሳችሁ ደውሉበት። ማን እንደሚያነሳው፣ ምን ቋንቋ እንደሚናገር፣ ስንት ደቂቃ ሙዚቃ እንደሚያሰማ ስሙት። አማርኛ ብቻ የሚችል እናት ወይም አባት ያን ስልክ ቢደውል ምን እንደሚሆን አስቡት። ሰው ያለ ፈቃዱ ተይዞ ቀኑ ሲያልፍበት ውሉ ከሰው አገር ሆኖ እንዲራዘምለት መንገድ አብጁ፤ ውሉ የሚያልቀው በትክክል በሚያስፈልግበት ቀን ነውና። ቪዛ የተከለከለ ሰው ዓረቦኑ እንዲመለስለት ምን ይዞ መምጣት እንዳለበትና በስንት ቀን እንደሚከፈለው በግልጽ ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉት። ይህን ሁሉ ስታደርጉ ዋጋው የሚጨምር ከሆነ ጨምሩት። ልዩነቱን ለደንበኛው ማስረዳት የኔ ሥራ ነው፤ እወጣዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ መንገደኞች ደግሞ አይቀየሙኝና፣ እናንተም አላችሁበት። ፎርሙ ላይ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም አለ ወይ ሲባል «የለም በይና እለፊው» የምትሉኝ ስንት ናችሁ! በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት እያወቀ የደበቀ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። ሁለት መቶ ብር ለማዳን ብላችሁ ውሉን በሙሉ በእጃችሁ ትቀዱታላችሁ። ስማችሁም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ አንድ ፊደል ሳይዛነፍ፣ እስከ አያት ይግባ። ስትገዙም «ኤምባሲው ይቀበለዋል ወይ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ምኑን አትከፍሉም?» በሉ። መልሱ «ሁሉንም እንከፍላለን» ከሆነ ወረቀቱን መልሱና ወደሚቀጥለው ቢሮ ሂዱ፤ እኛ ሰፈር መቼም የመድን ቢሮ አይጠፋም።

እኔ በበኩሌ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ውሉን በሙሉ ሳላነብ አልሸጥም። ቢሯችን ውስጥ «ዳኛዋ» ይሉኛል። ኮሚሽኑ ቀንሷል፤ አለቃዬ ይህን ደብዳቤ ሲያነብ ምን እንደሚል አላውቅም።

ጋሼ ደህና ናቸው። በቸርችል በኩል ሲያልፉ ጎራ ይላሉ፤ ማኪያቶ እናዝላቸዋለን፣ ስኳር ግን ሐኪሙ ከልክሏቸዋል። ባለፈው ሳምንት መጥተው ስንት ስኳር ጨመርሽበት አሉኝ። ምንም አልጨመርኩም ስላቸው አንድ ጊዜ ፉት አሉና፣ «ይጣፍጣል፤ አይታይም እንጂ» ብለው ቢሮውን በሳቅ ሞሉት። ልጃቸው ግን አብራቸው አልገባችም። ውጭ መኪና ውስጥ ነው የምትጠብቃቸው፤ እስካሁን እንደዚያው ነች።

ከአክብሮት ጋር፣
ከቸርችል ጎዳና አንዲት ቲኬት ቆራጭ

ግልባጭ፦
ለቲኬት ቢሮ ባልደረቦቼ
«ይሸፍናል» ላለኝ ልጅ፣ አሁን ያለበት ቅርንጫፍ
መኪና ውስጥ ለምትጠብቀው